ታሪክ ልማር ያሰብኩበት በጋ

ጥቅምት 9 ቀን 1987፣ ሀርጌሳ

ዛሬ አብሮኝ ለሚያስተምረው ለኢስማዒል ነገርኩት። ከእሱ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሆዮም ቢሆን። (እናቴን በሶማሊኛ ሆዮ ነው የምላት። በአማርኛ ስጽፍ እንኳ «እናቴ» ያልኩ እንደሆነ የሌላ ሰው እናት ትሆንብኛለች።) አዲስ አበባ ሄጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ታሪክና ፖለቲካ ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ አልኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀመጠና «ለምን?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ቤት ስገባ ግን መጣልኝ፤ እንደ ልማዴ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ባለፈው ሳምንት ማርዎ የምትባል ተማሪዬ፣ ዳሚ ከሚባለው ሰፈር የምትመጣው፣ የክፍላችን ጣራ ለምን ሸራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን አፍርሶት ነው አልኳት። አውሮፕላኑ የማን ነበር አለች። የመንግሥት። መንግሥቱስ የማን ነበር? የኛው። ከየት ተነሥቶ መጣ? ከዚሁ፣ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ። ልጅቷ ቀና ብላ ሸራውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀጥላ የምትጠይቀኝን ስላወቅኩ የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ አልኩ።

ለዚህ ነው። ነገ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 11

ነገርኩት። «ይሄ ጥሩ ምክንያት ነው» አለኝ። ኢስማዒል እዚያው አዲስ አበባ ታሪክ ሲማር ቆይቶ፣ አባቱ ሲታመሙ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጠው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሰሌዳው ላይ የአራቱን ዓመት ትምህርት በተርታ ጻፈልኝ። መጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አንድ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ። ከዚያ ሜጀሬን ታሪክ፣ ማይነሬን ፖለቲካ ሳይንስ አደርጋለሁ። የጥንቱ ታሪክ፣ የአፍሪካ ቀንድ፣ የቅኝ ግዛት ዘመን፣ የመንግሥታት አወቃቀር። መጨረሻ ላይ የራሴን ጥናት እጽፋለሁ።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው ብዬ ጠየቅኩት። ታሪክ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል፣ ፖለቲካ ሳይንስ ደግሞ እንዲሆን የፈቀደው ማን ነው ይላል አለኝ።

ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ አጠያይቃልኛለች። እዚያ ሳለን ያመጣሁት የማትሪክ ውጤት ይበቃል። የዘንድሮው ምዝገባ አልፎኛል፤ ለመጪው ዓመት የሚያመለክት ግን በጥር መጨረሻ አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አለበት። ጥር ሩቅ አይደለም።

ኢስማዒል ሰሌዳውን ሳይደመስሰው ሄደ። እኔም አልደመሰስኩትም። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፤ ለልጆቹ ምሳሌ ይሆናል።

ጥቅምት 14

ለአባቴ ተናገርኩ። አባቴ አቦኮር ዕድሜውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነው የፈጀው፤ ሲያስብ እጁ ብሎን የሚፈታ ይመስላል። ብዙ ፈታ። ከዚያ «ታሪክ እኛን ሲያጠናን ኖረ፤ ይበቃው ነበር» አለ። እሱ ፋርማሲ እንድማር ነው የሚፈልገው። መድኃኒት የሚያውቅ ሰው የትም አገር እንጀራ አያጣም፤ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን የትም አገር ጠላት ያፈራል ይላል።

ሆዮ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ትማር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ማንበብ አትችልም፤ ጋዜጣ ስታገኝ ግን አጣጥፋ ታስቀምጣለች እንጂ ዕቃ አትጠቀልልበትም።

ጥቅምት 18፣ ዓርብ

ሆዮ ዛሬም ወንዙን ተሻግራ ወንድሟ ዘንድ ዋለች። ወንዝ እንበለው እንጂ አሸዋ ነው፤ ውኃ የሚያልፍበት በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በደቡብ በኩል የሆዮ ወገኖች ይበዛሉ፣ በዚህ በኩል የአባቴ ወገኖች። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አሸዋ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሰው ሲሻገር የሚያይ ሰው አለ። አየር ማረፊያው በሆዮ ወገን ታጣቂዎች እጅ ነው፤ መንግሥት አስረክቡ ብሏል፤ እነሱም እንቢ ብለዋል። ገበያ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

ጎረቤታችን አርዶ በአጥሩ በኩል ሆዮን ስታናግራት ሰማሁ።

«አሁንም ትሄጃለሽ?»

«ወንድሜ ያለው እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ የማውቀውን ሌላውም ያውቀዋል።»

ይቺ ሴትዮ ደስ ብላኝ አታውቅም። ልጇ ከመንግሥት ጦር ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ አጥሩ ላይ መቆም አብዝታለች።

ኅዳር 1

በችኮላ። ኢስማዒል አርፍዶ መጣ። እሱም ከወዲያኛው ማዶ ነው። ድልድዩ አጠገብ ታጣቂዎች አስቁመው መልሰውት፣ ዞሮ በአሸዋው ገባ። ጫማው አሸዋ ሞልቶ ነበር። ከእንግዲህ መምጣት ላይሆንልኝ ይችላል አለ። መቼ ነው አዲስ አበባ የምትሄጂው አለኝ። ጥር አልኩት። ጥር ጥሩ ነው፣ አቧራው ይቀንሳል አለ። አዎ አልኩ። ከዚያ ስለ አቧራ ብዙ አወራን። ለምን ስለ አቧራ እንዳወራን አላውቅም።

ቶሎ ስለሄደ የእሱን ክፍል ከእኔ ጋር ቀላቀልኩት። ልጆቹ ተጨናንቀዋል። ይቸገራሉ፤ ለእነሱ ነው ያዘንኩት።

ኅዳር 6

ተኩስ። ከማረፊያው በኩል። ከንጋት ጀምሮ። ትምህርት የለም።

ኅዳር 7

ከባድ መሣሪያ ነው ይላል አባቴ። ታናሽ እህቴ ቢላን ከአልጋ ሥር አልወጣም ብላለች። ሆዮ እዚያው ሥር ገብታ አብራት ተኝታ ተረት ትነግራታለች። እግሯ ውጭ ቀርቷል።

ኅዳር 8

ሰዎች በአህያ ጋሪ ፍራሽ ጭነው ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ሌሎች ወደ ምሥራቅ። መንገዱ ላይ ሲተላለፉ አይተያዩም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አውሮፕላኑ ሲደበድብ፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ ባንድ አቅጣጫ ነበር የሸሹት ይላሉ።

ስለ ጥር አሰብኩ። በዚህ መሀል ስለ ጥር ያሰብኩ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 12

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ የአባቴ ወገን ሽማግሌዎች መጡ፤ ሦስት ናቸው። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። ሆዮ ሰላም አለቻቸውና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቀረሁ።

ትልቁ ሽማግሌ የጀመሩት በምስጋና ነው። ሆዮን በስሟ ጠርተው፣ ሀዎን የመሰለች ሴት የለችም፤ የማናችንን ልጅ አላራሰችም፣ የማናችንን በሽተኛ አልጠየቀችም? አሉ። ቀጥለው አንድ ግመል ሁለት ቦታ አይታሰርም የሚል ተረት አመጡ። ሁለተኛው ስለ ደኅንነቷ መጨነቃቸውን ተናገሩ። ወጣቶቹ ደማቸው ሞቋል፤ ሽማግሌ የሚሰሙበት ቀን አይደለም። ሦስተኛው ናቸው ነገሩን ያወጡት። እስኪበርድ ድረስ ወደ ወንድሟ ትሂድ። ልጆቹ ግን የኛ ናቸው፤ ይቀራሉ።

አባቴ ተነሥቶ ሻይ ራሱ ቀዳላቸው። በቤታችን ሻይ ሲቀዳ አይቼው አላውቅም። ለሦስቱም ከሰጠ በኋላ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ድሬዳዋ ሥራ ነበረኝ፣ ቤት ነበረኝ። ወደዚህ የመጣሁት እሷ አገሬ ልግባ ስላለች ነው። ይሄን ጣራ ያለበስኩት ለእሷ ነው። እሷ ከወጣች ይሄ ቤት የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ሻዩን ጠጡ። ትልቁ አስብበት ብለውት ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ፣ ሰዎቹ ንግግራቸውን እንዴት እንደሚገነቡት እየተከተልኩ ነበር። ምስጋና፣ ከዚያ ተረት፣ ከዚያ ስጋት፣ ከዚያ ፍርድ። ፖለቲካ ሳይንስ ማለት ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ። ኢስማዒል ቢሰማው አልኩ። ከዚያ እጄን ሳየው እርሳስ ይዣለሁ። ሆዮ ላይ ሲፈረድባት እኔ ትምህርት ላይ ነበርኩ።

ጓዳ ስገባ ሆዮ የቢላንን ፀጉር ትጎነጉናለች። «ስንቱን ሰማሽ?» አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። «አባትሽ ሻይ ቀዳ?» አዎ አልኩ። «ስኳር አብዝቶባቸው ይሆናል» አለችና ጉንጉኑን ፈታችው፤ እንደገና ጀመረች።

ኅዳር 20

ሻኪር ሞተ። ያጎቴ፣ የሆዮ ወንድም የሙሐመድአወል ልጅ። ማረፊያው አጠገብ።

ኅዳር 21

ወሬውን ያመጣችልን የግመል ወተት የምትሸጠዋ ሴት ናት። ወተት ሻጮቹን እስካሁን በሁለቱም በኩል ያሳልፏቸዋል። ዕቃዋን አወረደች፣ ለሆዮ ጆሮዋ ላይ ተናገረች፣ ዕቃዋን አንሥታ ሄደች።

ሻኪር ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል። እዚህ የመጣን ሰሞን ሶማሊኛዬን እየሰማ «ባቡር ይመስላል፣ ይንገጫገጫል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጠመንጃ እንደያዘ አላውቅም ነበር። ሆዮ ታውቅ ነበር።

ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም። በዚህ ሰፈር ሻኪር ጠላት ነው። ሆዮ ሻርፗን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታ፣ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አባቴ ትከሻዋን ይዞ አብሯት ቆመ። ቢላንን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አርዶ ሳታንኳኳ ገባች። አውቃለች፣ ልትናገርብን ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩባት። በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። ሆዮ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሆዮ ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ አርዶ ጭን ላይ ተደፍታ። አርዶ እስኪመሽ አልተነሣችም። አንድ ጊዜ ብቻ «የኔም እዚያው ነው ያለው፤ ነገ የማን እንደሆነ አላህ ያውቃል» ስትል ሰምቻታለሁ።

ስለዚች ሴትዮ የጻፍኩትን መሰረዝ ፈልጌ ነበር። ተውኩት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 24

አባቴ ዛሬ ማለዳ ነጭ ልብሱን ለብሶ አሸዋውን ተሻገረ። ለቅሶ ሊደርስ። አማች አይነካም ብሎ ነው። ሆዮ አትሂድ አላለችውም፤ ሂድም አላለችውም። ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለትና በቃሏ የምታውቀውን ቁርአን ልትቀራ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዋልኩ። የፋርማሲ ነገር ትዝ አለኝ። ይመለስ እንጂ ፋርማሲ እማራለሁ ብዬ ለአላህ ቃል ገባሁ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል መጣ። አጎቴ ራሱ እስከ አሸዋው ጫፍ ሸኝቶታል። እንደተቃቀፉ፣ አጎቴም «እህቴ አለቀሰች?» ብሎ እንደጠየቀ ነገረን። ምን አልከው አለች ሆዮ። «እንደሚገባት አላለቀሰችም አልኩት።»

ኢስማዒልም ለቅሶው ላይ ነበር አለ። ጠመንጃ አልያዘም። ስሜን ጠርቶ ዴቆ ሄደች ወይ ብሎ ጠይቆታል። ገና ናት ሲለው መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ አዘነ አለ አባቴ። ይሄን ሲናገር ለምን እኔን እንዳየ አልገባኝም። ጠመንጃ አለመያዙ ግን ጥሩ ነው። አስተማሪ ነውና።

ለአላህ የገባሁትን ቃል ለአባቴ ነገርኩት። እጁን አሻሸ። «እኔ ለለቅሶ ሄድኩ እንጂ አንቺን ልሸጥ አልሄድኩም» አለኝ። «ታሪክሽን ተማሪ።» ቃሉ እንዴት እንደሚፈታ ግን ሼኩን ጠይቂ አለኝ።

ኅዳር 28

ወጣቶች መጡ። አባቴን ወደ ማዶ ምን ይዘህ ሄድክ፣ ምንስ ይዘህ መጣህ አሉት። ሐዘን ይዤ ሄጄ ሐዘን ይዤ መጣሁ አላቸው። አልሳቁም። በሩ ላይ አንዱ ምራቁን ተፋ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ታናሽ ወንድሙን አስተምረዋለሁ።

ታኅሣሥ 1

ትልቁ ሽማግሌ ዛሬ ብቻቸውን መጡ። አልተቀመጡም። ከእንግዲህ ቃሌ አይሰማም፣ ሒዱ አሉት አባቴን። ሁላችሁም ሒዱ። እጁን ይዘው ቆዩ። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር።

ታኅሣሥ 3

ነገ በጭነት መኪና ወደ ምዕራብ እንወጣለን፤ ገብሌይ፣ ወጃሌ፣ ጅጅጋ፣ ከዚያ ድሬዳዋ። አርዶም ገብሌይ ወዳለችው ልጇ አብራን ትሄዳለች።

አባቴ ሆዮን ሲለምናት ሰማሁ። መንገድ ላይ ከጠየቁሽ የኔን ወገን ጥሪ፤ የአጎቴ ልጅ ናት እላለሁ፣ ማንም አያውቅም አላት። እሷ ማሰሮ እየጠቀለለች ነበር። ማሰሮ ለምን እንወስዳለን? ድሬዳዋ ማሰሮ የጠፋ ይመስል። እላታለሁ ብዬ ሳልላት ቀረሁ።

ልጆቹን ሳልሰናበት መሄዴ ነው። ለማርዎ መልስ ሳልሰጣት።

ታኅሣሥ 6፣ ጅጅጋ

ደርሰናል። አልሐምዱሊላህ። አራታችንም አለን። አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት።

ከገብሌይ በፊት መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ ነበር። ታጣቂዎቹ የአባቴ ወገን ናቸው። መኪናዋ ላይ ሰው በሰው ላይ ተጭኗል፤ አንዱ ታጣቂ ጎማው ላይ ወጥቶ ሰዉን በየተራ አባትህን ቁጠር፣ አባትሽን ቁጠሪ ይላል። እኛ ዘንድ መታወቂያው ይሄ ነው። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያልክ ትወጣለህ፤ የት እንደምትደርስ ሰሚው ያውቃል።

መጀመሪያ የደረሰው እኔ ጋ ነው። ዴቆ አቦኮር ጃማ ሮብሌ ዋርሳሜ ብዬ ሄድኩ። አንዱም አልጠፋብኝም፤ እንደ ቃል ፈተና አንበለበልኩት። ታጣቂው «ጎበዝ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይሄ ነው የሆነው፤ ሌላ አድርጌ ልጽፈው አልችልም። ጎበዝ አለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ቀጥላ ያለችው ሆዮ መሆኗ ትዝ ያለኝ።

አባቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሆዮ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። «ሀዎ ፋራህ ጉሌድ ሊባን» ብላ ጀመረች። ጮክ አላለችም፤ ዝቅም አላለችም። ሁሉም ሰው የት እንደምትደርስ እስኪያውቅ ድረስ ሄደችና አቆመች።

መኪናዋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ውረጂ» አላት ታጣቂው።

አባቴ ተነሣ። ሊወርድ ነው፤ ቢላን የሆዮን ቀሚስ ይዛ ጮኸች። እኔ አልተነሣሁም። እግሬ እንቢ አለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። እግሬ ምንም አልሆነም።

ከጥግ አርዶ ናት የተናገረችው። ማሰሯችንን ታቅፋ ነበር፣ ቦታ ስለጠፋ።

«እሷን ካወረዳችሁ እኔንም አውርዱኝ» አለች። «ልጄ ማረፊያው ላይ ከእናንተ ጋር ነው ያለው። እናትህን ከጎረቤቷ ጋር ሜዳ ላይ ጥለናታል በሉት።»

ልጅሽ ማነው አላት። ስሙን ነገረችው። ታጣቂው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ምናልባት ልጇን ያውቀዋል፤ ምናልባት የራሱን እናት አስቦ ይሆናል። ከሥር የቆመ ሌላ፣ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ገመዱን ፈታው።

ገብሌይ ላይ አርዶ ወረደች። ሆዮና እሷ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ተለቃቀቁ። ማሰሮውን ሆዮ ሰጠቻት። ለካ ለእሷ ነበር ያመጣችው።

እስከ ጅጅጋ ድረስ የሆዮን ፊት ማየት አልቻልኩም። እዚህ ያረፍንበት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን አልዋሸሽም አልኳት። በቁጣ ነው ያልኩት፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ።

«የሻኪርን ሞት ዋጥኩት» አለችኝ። «አባቴንም ደርቤ ብውጥ ምን ይቀረኛል?»

እኔ ግን የአባቴን ብቻ ቆጥሬ ዝም አልኩ አልኳት። ለቅሶ ያዘኝ። እጇን ከሳሙናው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና አገጬን ያዘች።

«የአባትሽን አባቶች ማን ያስተማረሽ መሰለሽ?» አለችኝ። «አባትሽ ጋራዥ ነበር የሚውለው። ከመተኛትሽ በፊት እየደጋገምኩ ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ። ለዚህ ቀን ነው ያስተማርኩሽ፤ እንድታልፊ። አለፍሽ። ምን አጠፋሽ?»

ታኅሣሥ 22፣ ድሬዳዋ

አክስቴ ቤት ነን። ሙቀቱን ረስቼው ነበር። አባቴ የድሮ ጋራዡ ሄዶ ጓደኞቹ ጋ ይውላል፤ ሥራ ባይሰጡትም ሻይ ይሰጡታል። ቢላን ከአልጋ ሥር ሳይሆን ከአልጋ ላይ መተኛት ጀምራለች።

ከሀርጌሳ የመጣ ሰው አገኘን። ውጊያው አልቆመም። አጎቴ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምሥራቅ ወጥቷል፤ ደኅና ነው። የአርዶ ልጅ በሕይወት አለ፤ ሆዮ ይሄን ስትሰማ ተነሥታ ሁለት ረከዓ የምስጋና ሶላት ሰገደች።

ኢስማዒልም ወጥቷል። ሐርታሼክ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ዛፍ ሥር ልጆች እያስተማረ ነው አሉ። ለልጆቹ ደስ ብሎኛል።

ጥር 4

ሼኩን ጠየቅኩ። ለሦስት ቀን ጾሜ ቃሌን ፈትቻለሁ። አባቴ ሦስቱንም ቀን አብሮኝ ጾመ፤ ምክንያቱን አልተናገረም።

የሐርታሼክ ወሬ ሲመጣ አክስቴ እኔን ትጠራኛለች። ለምን እኔን እንደሆነ አላውቅም። ኢስማዒል ሁለት ክፍል ብቻውን ይዟል አሉ፤ ረዳት ያስፈልገዋል። ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ለአንድ ወር ሄጄ ላግዝ እችል ይሆን ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። «ልጆቹን?» አለኝ። ልጆቹን አልኩ። «እነሱንም አግዢ» አለኝ።

ጥር 19

ነገ ጠዋት በባቡር ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። አባቴ አብሮኝ ነው፤ ባቡር ላይ ከወጣሁ ምን ዓይነት ድምፅ ሲሰማ መፍራት እንዳለብኝ ሊያስረዳኝ። የሚያመለክት ሰው ለምን ይሄን ትምህርት እንደመረጠ ይጠየቃል ብላለች አክስቴ። ሰሞኑን መልሱን ሳዘጋጅ ነበር። ያዘጋጀሁት ሁሉ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ በሙቀት ተዘርሮ ሳለ፣ ሆዮን አባቶችሽን አስጠኚኝ አልኳት። «ለምንሽ ነው?» አለች። ልወቃቸው አልኩ። የእናት አባቶች በመንገድ ላይ አይጠየቁም አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ጋደም እንዳለች ጀመረች። ፋራህ፣ ጉሌድ፣ ሊባን። አንድ በአንድ፣ እኔ እየተከተልኩ። ስለ አንዳንዶቹ ታውቃለች። ጉሌድ ጉድጓድ ያስቆፈረ ነው፤ ሊባን ሚስቱ ስትሞት ሌላ አላገባም። ከፍ እያልን ስንሄድ ስሞቹ ብቻ ቀሩ። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ስሙ ግን አልመጣም። ተመልሳ ከፋራህ ጀመረች፤ እዚያው ደርሳ ቆመች። ተነሥታ ተቀመጠች። «ጠፋብኝ» አለች። ፊቷ የልጅ ፊት ሆነ። ገመዱ ጋ ያልፈራችው ሴት ፈራች።

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል ብለን ነበር። ሳይዞር «ዱዋሌ» አለ።

ሁለታችንም ወደ ጀርባው አየን።

«ዱዋሌ ነው» አለ እንደገና። «ለጋብቻ ልጠይቅሽ ከመምጣቴ በፊት አጥንቼው ነበር። አባትሽ ቢጠይቁኝ ብዬ። አልጠየቁኝም።»

ሆዮ ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች። ከዚያ ከዱዋሌ ቀጠለች፤ እሷ ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ፣ አባቴ ከግድግዳው በኩል እያረመን።